የበሩ ሲባጎ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለአባዬ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። የአውቶብሱ ሹፌር ቢሮ ድረስ ይዞት መጥቶ «የደንቆሮው ሹፌር ልጅ የትኛዋ ናት?» እያለ ፎቁን በሙሉ ሲያዳርስ ነበር። ጤናዬን ጠይቀሃል፤ ደህና ነኝ። መብላቴን ጠይቀሃል፤ እየበላሁ ነው። «ስልክ ለምን አትደውዪም» ያልከው ግን ቀልድ መሆን አለበት። ባለፈው ስደውል አንተ «ሃሎ! ሃሎ!» ስትል፣ እኔ ስጮህ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የቤታችንን ጉዳይ ሰምቶ አንተ ብቻ ሳትሰማ ቀረህ። ዕድሜህን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠህ ጆሮህን ለሞተሩ አስረክበህ መጣህ፤ እንግዲህ በወረቀት እንነጋገራለን።

ስለ ወንድሜ የጻፍከው አንጀቴን በላው። በየሳምንቱ ጭነቱን ይዞ በደጅህ ሲያልፍ፣ አንተ መንገድ ዳር ወንበርህ ላይ ሆነህ ኮፍያህን ስታነሳለት፣ እሱ ሳይቆም እልም ሲል ይታየኛል። ክላክሱን እንደማትሰማው ስለሚያውቅ ነው መብራቱን የሚያበራልህ። ይህን ያህል ቀርቦ አንድ ሌሊት እንኳ ቤትህ አለማደሩ ለእሱም እሳት ነው። ግን አባዬ፣ የከለከልኩት እኔ አይደለሁም ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ሥራዬ ይኸው ነው። የጫነ መኪና ከተነሳበት እስኪደርስ የት ሊዘረፍ፣ ሹፌሩስ የት ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሜ አስባለሁ። ለመንገዱም ለማደሪያ ቦታውም ደረጃ እሰጣለሁ። ደረጃ ያላገኘ ቦታ ላይ የጫነ መኪና አይቆምም፤ ከቆመ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ስክሪን የመኪናው ነጥብ ቀይ ይሆናል።

ሳቂታውን መቼም አትረሳውም፤ መንዳት ያስተማርከው አንተ ነህ። አንድ ሻይ ቤት አጠገብ፣ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ጋቢናው ውስጥ እንደተኛ ነው ለአንድ ጭነት ስኳር የገደሉት። እኔ ይህን ሥራ የያዝኩት በዚያ ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ለዛሬ ብቻ» የሚለኝን ሰው ሁሉ እምቢ እላለሁ፤ አንተንም ጭምር።

«የእኔ ግቢ ምን ጎደለው?» ብለሃል። ስፋት አልጎደለውም፤ ተሳቢ ያለው መኪና ገብቶ ይዞርበታል። ግን አንድ ማደሪያ ደረጃ የሚያገኘው ከሰው ቁመት ያለፈ አጥር፣ የሚቆለፍ የብረት በር፣ ጥጋጥጉን ሁሉ የሚያሳይ ፓውዛና ሌሊቱን ነቅቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ሲኖረው ነው። የአንተ አጥር ዶሮ አያስቆምም። እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ ማንም እምቢ አይልህም። እስከዚያው አትቀየመኝ፣ እባክህ።

ልጅህ

*

ጥቅምት 19 ቀን

ለዳኛዋ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል፣ እኔ ያንቺ ናፍቆት እንጂ ምንም አላለኝም እያልኩ ገጹን ልሞላው ነበር፤ ብዙ የምነግርሽ ስላለኝ ሰላምታውን በልብሽ ያዢልኝ።

ደብዳቤሽን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ አነበብኩላት። «እምቢ አለችዎት እኮ!» አለችኝ ጆሮዬ ላይ ተለጥፋ። «የት ላይ ነው እምቢ ያለችው? ከተሟሉ ማንም እምቢ አይልህም ነው የምትለው። ያውም በጽሑፍ» አልኳት። መቀሷን አንስታ ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ሴትዮዋ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ አይገባትም።

በማግስቱ በጠዋት ተነሳሁ። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽና እናትሽ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ለምን እንደምነሳ አላውቅም ነበር። ተነስቼ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ወንድምሽ የሚያልፍበትን ቀን እጠብቃለሁ፣ ሲያልፍ ደግሞ የሚቀጥለውን መጠበቅ እጀምራለሁ። አሁን ግን ገና ዓይኔን ስገልጥ ምሰሶ ይታየኛል። ጋራዥ የከፈተው የድሮ ረዳቴ የተጣለ ቆርቆሮ በጋሪ ጭኖ አመጣልኝ። ካሮጌ ተሳቢ የወጣ የብረት መዝጊያም አግኝቶልኛል፤ ከባድነቱ ጉድ ነው፣ እንኳን ሌባ ባለቤቱም አይከፍተው።

በአውቶብሱ ሹፌር የላክሽው ቁራጭ ወረቀትም ደርሶኛል። «ጉድጓዱን ማን ነው የሚቆፍረው?» ላልሽው ሰው ቀጥሬያለሁ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» እላለሁ፤ ልክ መኪና ወደ ኋላ እንደማስገባት። ጤና ጣቢያ ሄደህ ነበር ወይ ላልሽውም ሄጃለሁ። ሳል ነው አሉኝ፤ በብርድ ነው።

ጥያቄዬን በወግ አስገቢልኝ።

አባትሽ፣ አመልካቹ

*

ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለአባዬ፣

መልስ ስላዘገየሁብህ ይቅርታ አድርግልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ያንን ዝርዝር የጻፍኩልህ... ተወው፣ ስመጣ በአፌ እነግርሃለሁ።

ወንድሜ ሰኞ ደወለልኝ። «አባዬ ምሽግ እየሠራ ነው» ብሎ ሲስቅ ቆየ። ከመንገዱ ላይ አጥሩ ከግማሽ በላይ ቆሞ ይታያል አለ። ያንተን ኮፍያ ግን ከወንበሩ ላይ ሳይሆን ከአጥሩ ጫፍ ነው ያየሁት ብሎኛል። መሰላል ላይ ምን ትሠራለህ? የቀጠርከው ሰውዬ ምን ሊሠራ ነው?

አለቃዬን አነጋገርኩ። የአመልካቹ ልጅ መሆኔን ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ትቶ «ዘመድ ለዘመዱ ደረጃ አይሰጥም» አለኝ። ልክ ነው። ስለዚህ ሌላ መርማሪ ይመጣል። ቀጭኑ ነው የምንለው። ነጥብ በነፃ የሰጠው ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሻይ እንኳ ሥራ ላይ አይጠጣም፤ ልትደልለው እንዳትሞክር። በሚጠይቅህ ጊዜ አፉን እያየህ መልስ፤ ቀስ ብሎ እንዲያወራ ነግሬዋለሁ።

አባዬ፣ ባይሆንም እኮ ምንም አይደለም። እኔ በታኅሣሥ መጨረሻ ፈቃድ ወጥቼ እመጣለሁ። አፈር ስሆን ከመሰላሉ ውረድልኝ።

ልጅህ

*

ኅዳር 15 ቀን

ለዳኛዋ ልጄ፣

ቀጭኑ መጣ። እውነትም ቀጭን ነው፣ የሚያበላው የለም እንዴ?

ከአውቶብስ እንደወረደ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳይለኝ ሜትሩን አወጣ። አጥሩን ዙሪያውን ለካው። መዝጊያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። እስኪመሽ አስጠበቀኝና ፓውዛውን አብርቶ በየጥጉ እየሄደ የራሱን ጥላ ሲፈልግ አመሸ። በጓሮ በኩል አንድ ጨለማ ቦታ አገኘና ጻፈብኝ። እኔም ወዲያው መስተዋት አምጥቼ፣ የመኪና የጎን መስተዋት ነው፣ ምሰሶው ላይ አስሬ ብርሃኑን ወደዚያ መለስኩለት። ቀና ብሎ አየኝና ሰረዘው። ያኔ ሻይ ጠጣ። ሁለት ብርጭቆ።

«ዘበኛው ማን ነው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ይህን ሲሰማ ብዙ ጻፈ። ከዚያ ስለ ፓውዛው ሽቦ ሳስረዳው ከጎኔ ጠፋ። ከኋላዬ ቆሞ ቆርቆሮውን በዱላ ሲቀጠቅጥ ነበር አሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ናት የነገረችኝ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሲጮህ እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ስለ ሽቦው ማስረዳቴን ቀጥዬ ነበር። እንዴት አፈርኩ መሰለሽ።

ደግ ልጅ ነው ግን። ሲሰናበተኝ እጄን ያዘና መዳፌን ገልብጦ አየው። እኔም የዶማው እጀታ ሸካራ ነው አላልኩትም።

ውጤቱን ቶሎ ንገሪኝ፤ ክፉም ቢሆን። የወንድምሽን ክፍል ቀለም ቀብቼዋለሁ።

አባትሽ፣ አሁንም አመልካቹ

*

ኅዳር 21 ቀን

አባዬ፣

ንገሪኝ ስላልክ እነግርሃለሁ። አጥሩ አልፏል። በሩ አልፏል። መብራቱ አልፏል፤ ቀጭኑ ስለ መስተዋቱ ለሁላችንም አውርቶ አልጠገበም። በጠባቂው ወድቋል። «ጠባቂው ድምፅ አይሰማም» ብሎ ጻፈ። እኔ ብሆንም ይህንኑ ነበር የምጽፈው። ሌባ በርህን እየሰበረ አንተ ፊትህን አዙረህ ብትቀመጥ፣ ጋቢናው ውስጥ የተኛው ልጅህ ነው። በሌላ ቀን የሚተኛው ሹፌር ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ብትኖር እኔን እንዴት እንደምትሰድበኝ አውቃለሁ። ዘበኛ ቅጠር አልልህም፤ በጡረታህ ዘበኛ እንደማይቀጠር እናውቃለን። ድርጅቱም ላልጸደቀ ቦታ አይቀጥርም። ስለዚህ በቃ አባዬ፣ ዕረፍ። ብዙ ለፍተሃል። ወንድሜ ባዶ መኪና ይዞ የሚመለስበት ቀን ከተገኘ ያድርብሃል፤ ባዶ መኪና አይከለከልም። ተመላሹንም ቢሆን ሁልጊዜ ጭነት እንደሚሰጡት ግን አልደብቅህም።

ቀጭኑ ስለ እጅህ ነግሮኛል። የቀጠርከው ሰው የለም፣ አይደል?

ልጅህ

*

ኅዳር 30 ቀን

ለዳኛዋ ልጄ፣

ስለ እጄ የጠየቅሽኝን እለፊው። አልተቀየምኩሽም። እንደውም ኮራሁ። አባቷን የጣለች ዳኛ የማንንም ልጅ አትበድልም ብዬ ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። እሷ ግን ተቀይማሻለች፤ ስትመጪ ታስታርቂያታለሽ።

አሁን ስሚኝ። እኔ መኪና የነዳሁት በጆሮዬ ነው እንዴ? በእጄ ነው። ጎማ ሲተነፍስ፣ ጭነት ሲያጋድል፣ ፍሬን ሲላላ፣ መሪው ለእጄ ይነግረው ነበር። ጆሮዬ ከሄደ በኋላ እንኳ ስንት ጊዜ ጭኜ ወጥቼ በሰላም ገብቻለሁ። ይህን እያሰብኩ ተኝቼ አደርኩና ጠዋት ሱቅ ሄጄ ሲባጎ ገዛሁ። አንዱን ጫፍ መዝጊያው ላይ አሰርኩ። ከዚያ በምሰሶዎቹ አናት ላይ በቀለበት እያሳለፍኩ እስከ በረንዳው ጣሪያ አመጣሁት። ሌላው ጫፍ ከላይ ወርዶ እጄ ላይ ታስሯል። ከአጥሩም በየማዕዘኑ ቀጫጭን አውጥቼ አገናኝቼበታለሁ። ቆርቆሮውን ሰው ቢደገፈው እንኳ እጄን ይጎትተኛል።

ልብስ ሰፊዋን «ሳትነግሪኝ በፈለግሽው ሰዓት ሳቢው» አልኳት። ጨካኝ ናት። ምሳ ስበላ ሳበችኝ፣ ሳንቀላፋ ሳበችኝ፣ ፊቴን ስታጠብ ሳበችኝ። አንድም ጊዜ ሳልነሳ አልቀረሁም። ቀን ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት እነቃለሁ፤ የሹፌር እንቅልፍ እንደሆነ ድሮም እንዲሁ ነው። ቀጭኑን ላኪው። ሳይነግረኝ፣ በመረጠው ሰዓት ይምጣ።

ጽሑፉ ተንጋደደ ብለሽ እንዳትሰጊ። ቀኝ እጄ ሲባጎው ላይ ስለሆነ በግራዬ ነው የምጽፈው።

የወንድምሽ አልጋ ተነጥፏል። በስንት ዘመኑ አንድ ሌሊት ልጄን ተኝቶ ልየው፤ ሌላ የምፈልገው የለኝም።

አባትሽ፣ ዘበኛው

*

ታኅሣሥ 12 ቀን

አባዬ! አባዬ! አባዬ!

ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ የአውቶብሱ ሹፌር አይደለም። ቀና ብለህ እየው። መጀመሪያ እሱን ሳመው፣ ከዚያ ታነባለህ።

ጸደቀ! ቀጭኑ ባለፈው ሳምንት ሳይነግርህ መጥቶ በሩን ሲገፋ ምን እንዳደረግከው ነግሮኛል። ገና አንድ ስንዝር ሳይከፈት ባትሪህን ግንባሩ ላይ አብርተህ «ማነህ?» አልከው አሉ። ወረቀቱ ላይ «ጆሮ ያላቸው ዘበኞች እንዲህ ሲነሱ አላየሁም» ብሎ ጽፏል። ይህን የሚያህል ምስጋና ከቀጭኑ ወጥቶ አያውቅም። አለቃዬ ሳቀ፣ ፈረመ። ከዛሬ ጀምሮ ግቢህ በመንገዱ ላይ ያለ የታወቀ ማደሪያ ነው፤ ስምም አለው፣ «የሹፌሩ ግቢ» ብለን መዝግበነዋል።

የወንድሜ መኪና የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ማታ ወደ አንተ ሲታጠፍ እኔ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብዬ ነጥቡን አያለሁ። ከመንገዱ ወጥቶ ሲቆም ቀይ አይሆንም፤ አረንጓዴ ነው የሚሆነው። ቀጭኑም አብሮኝ ያመሻል።

ይቅርታ የምጠይቅህ ነገር አለኝ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ስመጣ ነው። ዛሬ ደስታህን አልነካብህም። በደንብ አስተኛው።

ልጅህ

*

ጥር 4 ቀን

ለእህቴ፣

እኔ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ በዚህ ቤት ጸሐፊዎቹ እናንተ ነበራችሁ። ግን በስልክም ለቅሶው ላይም «ስትገባ እንዴት አገኘኸው?» ስትዪኝ ዘጋሁሽ። አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው፣ ይቅር በዪኝ። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጬ ልጽፍልሽ ነው።

ከመታጠፊያው ስደርስ እንደ ሁልጊዜው መብራቱን አበራሁለት። መንገድ ዳር ወንበሩ የለም። ሳያስበው ልደርስበት ነው ብዬ ደስ አለኝ። መኪናውን ደጁ ላይ አቁሜ ወረድኩ፣ ደብዳቤሽ በእጄ ነው። በሩ አልተቆለፈም፤ ለእኔ ብሎ ትቶት ይሆናል። ገፋሁት። ሲባጎው ከምሰሶ ምሰሶ እየተወጠረ እስከ በረንዳው ሲሄድ አየሁት። አባዬ በረንዳው ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ወደ እኔ ነው። እጁ ከፍ አለ። ሰላም ያለኝ መስሎኝ እኔም እጄን አነሳሁለት።

ደግሜ በሩን ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ እጁ ይበልጥ ወደ ላይ ወጣ። «ዘበኛው፣ ተነሳ እንጂ!» ብዬ ሳቅሁ። በሩን ስለቀው እጁ ወደቀ። ያኔ ነው ያወቅሁት።

ገና አልቀዘቀዘም ነበር እህቴ። ልብስ ሰፊዋ ምሳ ሰዓት ላይ አነጋግራዋለች። ለምን ቀን አልተኙም ስትለው «ዛሬ የልጄ ቀን ነው፤ ቀጭኑ አይቶኝ ሄዷል፣ ሳይገባ አይቀርም» አላት። ጤና ጣቢያ የነገሩት ሳል አልነበረም፤ ልብህ ደክሟል፣ ምንም ከባድ ነገር እንዳትነካ ብለውት ነበር። የነገሩት ገና የመጀመሪያውን ምሰሶ ሳይተክል ነው። ለእኔም ለአንቺም እንዳትናገር ልብስ ሰፊዋን አስምሏታል። የቀጠረው ሰው የለም፤ ሁሉንም ጉድጓድ የቆፈረው ራሱ ነው።

«ዝርዝሩን የላክሁለት እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው፤ ያሟላዋል ብዬ አላሰብኩም፤ እኔ ነኝ የገደልኩት» ብለሽኝ አልቅሰሻል። አይደለሽም ብዬ ቶሎ ላጽናናሽ ነበር፣ ግን አንቺ ውሸት ትለያለሽ። ባይቆፍር ዛሬ በሕይወት ይኖር ይሆናል፤ አላውቅም። የማውቀውን ልንገርሽ። እማዬ ከሞተች ወዲህ በደጁ ሳልፍ ኮፍያውን የሚያነሳልኝ ሰውዬ ሌላ ነበር፣ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ያነሳልኝ ሰውዬ ሌላ ነበር። ሁለተኛው አባዬ ነው። ለሁለት ወር መልሰሽልኛል።

ነጥቡ አረንጓዴ ሲሆን ከቀጭኑ ጋር አጨበጨብን ብለሽ የነገርሽኝን ረስቼው አላውቅም። እናንተ ስታጨበጭቡ እኔ እጁን ይዤ ነበር። በዚህ ማፈር የለብሽም፤ ማጨብጨባችሁ ደስ ብሎኛል፣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ያን ደስታ አየው። ደብዳቤሽን እንዳለ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቼ ነው የቀበርኩት።

አሁን ግቢው ጠባቂ የለውም። ደረጃውን ልታነሺው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእኔ ብለሽ አለቃሽን እንዳትለማመጪ። አንሺው። ሳቂታውን አልረሳሁም። ከእንግዲህ ሳልፍ መብራቱን አበራለሁ፣ አልቆምም።

ያን ሌሊት ግን ግቢው ጠባቂ ነበረው። ሲባጎውን ከእጁ ፈትቼ መኪናውን ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ አባዬን ለእኔ ባነጠፈው አልጋ ላይ ካስተኛሁት በኋላ ሲባጎውን በእጄ አሰርኩት። በረንዳው ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወሬው ተሰምቶ ጎረቤቱ አንድ አንድ እያለ ለለቅሶ ሲገባ በሩ በተከፈተ ቁጥር እጄን ይጎትተኛል። በጎተተኝ ቁጥር ተነሳሁ።

ወንድምሽ